ፓምፑ ይዞራል፣ አልካሊኒቲው ይወርዳል፦ በሪፍ አኳሪየም የዶዚንግ ፓምፕ ችግር እንዴት ይፈለጋል?

ዶዚንግ ፓምፕ ኮራል በሚያድግበት የባሕር ውኃ አኳሪየም (ሪፍ አኳሪየም) ውስጥ ፈሳሽ በተወሰነ ሰዓትና መጠን የሚጨምር ትንሽ ፓምፕ ነው። መበላሸቱ ብዙውን ጊዜ የሚታወቀው ፓምፑን በማየት ሳይሆን በመመርመሪያ ኪት ነው። ሰኞ 8.2 ዲኬኤች (የአልካሊኒቲ መለኪያ) የነበረው አልካሊኒቲ ሐሙስ 6.9 ሆኖ ይገኛል። ፓምፑ ግን በሰዓቱ ይዞራል፣ ስልክ ላይ ያለው አፕም የዛሬው 57 ሚሊ መሰጠቱን ይናገራል። ተራ ዶዚንግ ፓምፕ የሰጠውን ፈሳሽ አይለካም። የሚያውቀው ሞተሩ ስንት ሰከንድ ወይም ስንት ዙር እንደዞረ ብቻ ነው፤ ሚሊውን የሚያሰላው ከወራት በፊት በተደረገለት ካሊብሬሽን (የመጠን ማስተካከያ) ነው። ቱቦው ቢላላ፣ አየር ቢገባ፣ ጀሪካኑ ቢያልቅ እንኳ አፑ ያንኑ ቁጥር ይጽፋል። ስለዚህ ሴቲንግ ከመነካካት በፊት ከቱቦው ጫፍ በእውነት ስንት እንደሚወጣ መለካት ያስፈልጋል።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን ከሥሩ እንጀምር። የኮራል አጽም ካልሲየም ካርቦኔት ነው። ኮራል ባደገ ቁጥር ከውኃው ካልሲየምንና አልካሊኒቲ ብለን የምንለካውን ካርቦኔት አብሮ ይወስዳል። በባሕር ውኃ ውስጥ፣ ጨዋማነቱ ከሺህ 35 ሲሆን፣ ካልሲየም በሊትር 410 ሚሊ ግራም ገደማ፣ ማግኒዚየም 1,280 ገደማ፣ አልካሊኒቲ ደግሞ 7 ዲኬኤች አካባቢ ነው። በቤት አኳሪየም ብዙዎች ካልሲየምን ከ400 እስከ 450፣ አልካሊኒቲን ከ7 እስከ 9 ባለው መካከል ይይዛሉ። ጠንካራ ኮራል በበዛበት አኳሪየም ውኃ መቀየር ብቻውን አይበቃም፤ ካልሲየም ክሎራይድና ሶዲየም ካርቦኔት በየቀኑ በፓምፕ ይገባሉ። ሁለቱ ሳይበረዙ ከተገናኙ ወዲያው ኖራ የመሰለ ነጭ ዝቃጭ ይሆናሉ። ሁለት ጀሪካን፣ ሁለት ቱቦና ሁለት የፓምፕ ራስ (ቱቦው የሚያልፍበት የፓምፑ ክፍል) የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ለምሳሌ በትክክል 300 ሊትር ውኃ የያዘ አኳሪየም እንውሰድ (ድንጋዩና አሸዋው የያዙት ቦታ ተቀንሶ)። አልካሊኒቲው በቀን 1 ዲኬኤች ይወርዳል። የአልካሊኒቲው ፈሳሽ የተዘጋጀው 157 ግራም ቤኪንግ ሶዳ 150 ዲግሪ ሴልሺየስ በሆነ ምድጃ ለአንድ ሰዓት ተጋግሮ ወደ ሶዲየም ካርቦኔት ከተለወጠ በኋላ በውኃ ሟሙቶ 1 ሊትር እንዲሞላ ተደርጎ ነው። ካልሲየሙ ደግሞ 132 ግራም ካልሲየም ክሎራይድ ዳይሃይድሬት በ1 ሊትር ነው። በዚህ ልክ ሲዘጋጅ የዚህ አኳሪየም የቀን ፍላጎት ከእያንዳንዱ 57 ሚሊ ነው። 1 ዲኬኤች በወረደ ቁጥር ካልሲየም አብሮ የሚወርደው ወደ 7 ሚሊ ግራም ብቻ ስለሆነ ሁለቱ ፈሳሾች በእኩል መጠን ይሄዳሉ። የራስዎ አኳሪየም 150 ሊትር ከሆነ ቁጥሮቹን በግማሽ ይቀንሷቸው።

ከዚህ ስሌት የሚወጣ አንድ ቁም ነገር አለ። 1 ዲኬኤች ከ8 ላይ ሲቀነስ በማንኛውም ኪት ይታያል። 7 ሚሊ ግራም ከ420 ላይ ሲቀነስ ግን ከኪቱ ስህተት አይለይም። የካልሲየሙ ፓምፕ ቢቆም በፈተና የሚታወቀው ቀናት ቆይቶ ነው። የእሱን ጤንነት መከታተያው ጀሪካኑ ላይ የተለጠፈ ፕላስተር ነው፤ እሑድ እሑድ የፈሳሹ ከፍታ ላይ በእስክሪብቶ መስመር ይሰመራል። በሳምንት 400 ሚሊ መቀነስ አለበት። 300 ብቻ ከቀነሰ ወይም ጭራሽ ካልተንቀሳቀሰ ኪት ሳያወጡ ያውቁታል። ዋጋው ምንም ነው፤ ብዙ ገንዘብ ከሚያስወጡት የአፕ ማስጠንቀቂያዎች ይልቅ እኔ እሱን አምናለሁ።

ፓምፑን ከመፍታት በፊት

ካልሲየም፣ ማግኒዚየምና አልካሊኒቲ ሦስቱም በአንድ ላይ፣ በተመሳሳይ መቶኛ ከወረዱ ተጠርጣሪው ፓምፑ አይደለም፤ ጨዋማነቱ ነው። ጨዋማነት ከ35 ወደ 33 ቢወርድ ሁሉም 6 በመቶ ገደማ ይቀንሳል፤ ካልሲየም ከ420 ወደ 396፣ ማግኒዚየም ከ1,300 ወደ 1,226። የተነነውን ውኃ የሚተካው መሣሪያ ሳይስተካከል ቀርቶ ወይም ስኪመሩ (ቆሻሻን በአረፋ የሚያወጣው መሣሪያ) ብዙ ጨዋማ ውኃ አውጥቶ ሊሆን ይችላል። ሪፍራክቶሜትሩን (የጨዋማነት መለኪያውን) 35 በሆነ ማስተካከያ ፈሳሽ ይፈትሹት፤ በንጹህ ውኃ ዜሮ ማሳየቱ 35 ላይ ልክ ለመሆኑ ዋስትና አይደለም።

አልካሊኒቲው ብቻ ከወረደ ደግሞ ፈተናውን በሌላ ኪት ወይም ጊዜው ባላለፈበት ሪኤጀንት (የኪቱ መፈተኛ ኬሚካል) ይድገሙት። ማግኒዚየም ከ1,200 በታች ከሆነ፣ ሂተሩና የውኃ ፓምፖቹ ነጭ ቅርፊት ካወጡ ወይም አሸዋው እንደ ሲሚንቶ ከተጣበቀ፣ ፓምፑ ፈሳሹን እያስገባ ውኃው ውስጥ ግን ወደ ኖራ እየተለወጠ ነው። እንዲህ ያለውን መጠን በመጨመር ማስተካከል አይቻልም፤ ይብስበታል።

አልካሊኒቲው እየወጣ ከሆነም ፓምፑን ለመውቀስ አይቸኩሉ። ኮራሎቹ ማደግ ሲያቆሙ ፍላጎታቸው ይቀንሳል። መብራት ተቀይሮ፣ ሙቀት ጨምሮ፣ ናይትሬትና ፎስፌት ዜሮ ገብቶ ሊሆን ይችላል። ፓምፑ ትናንት ልክ የነበረውን መጠን ዛሬም እየሰጠ ነው።

የሲሪንጁ ፈተና

ከዚህ በኋላ ተራው የፓምፑ ነው። የሚያስፈልገው 50 ወይም 60 ሚሊ የሚይዝ ሲሪንጅ ወይም መስመር ያለው ሲሊንደር ነው። ግማሽ ግራም ለይቶ የሚያሳይ የወጥ ቤት ሚዛን ካለ ይሻላል፤ በሚዛን ሲለኩ ግን በጀሪካኑ ምትክ ንጹህ ውኃ ይጠቀሙ። ውኃ 1 ግራም 1 ሚሊ ነው፤ ዶዚንግ ፈሳሾቹ ከውኃ ስለሚከብዱ ግራማቸው ያሳስታል።

ቱቦው እስከ ጫፉ በፈሳሽ መሞላቱን ያረጋግጡ። ጫፉን ከሰምፑ (ከአኳሪየሙ ጋር ከተገናኘው የማጣሪያ ገንዳ) አውጥተው ወደ መለኪያው ያስገቡ፤ ከፍታው ግን ዘወትር ከሚንጠባጠብበት ከፍታ ጋር እኩል ይሁን። ጠረጴዛ ላይ ዝቅ አድርገው ከለኩ ፓምፑ ከእውነተኛው ሥራው የቀለለ ሥራ ነው የሚሠራው። 50 ሚሊ እንዲሰጥ ያዝዙ። ሦስት ጊዜ ይድገሙ። ሦስቱ ውጤቶች እርስ በርስ ከተቀራረቡና ከታዘዘው በ5 በመቶ ውስጥ ከሆኑ በዚህ በኩል ችግር የለም። ሦስቱም በእኩል ልክ ካነሱ፣ ለምሳሌ 43፣ 43፣ 42 ከሆኑ፣ ቱቦው አርጅቷል ወይም ካሊብሬሽኑ ተበላሽቷል። የተዘበራረቁ ከሆኑ፣ 49፣ 38፣ 45፣ አየር እየገባ ነው ወይም አንድ ነገር እየዘጋው ነው።

ብዙ ሰው እዚህ ያቆማል። 50 ሚሊ በአንድ ትንፋሽ መስጠትና 2.4 ሚሊ በየሰዓቱ መስጠት ግን አንድ አይደሉም። ሁለተኛውን ፈተና ሳያደርጉ ፓምፑን ነፃ አያውጡት። ጫፉን መለኪያው ውስጥ እንዳለ ይተዉት፣ ፓምፑ የተለመደ ፕሮግራሙን እንዲሠራ ያድርጉ፣ ከአሥር ዶዝ በኋላ የተጠራቀመውን ይለኩ። 24 ሚሊ መሆን ሲገባው 6 ሚሊ ወይም ጭራሽ ጥቂት ጠብታ ሊያገኙ ይችላሉ፤ ያው ፓምፕ የ50 ሚሊውን ፈተና በሚገባ አልፎ ሳለ።

ወደ ኋላ የሚመለሰው ፈሳሽ

ዶዚንግ ፓምፕ ብዙውን ጊዜ ፔሪስታልቲክ የሚባለው ዓይነት ነው። አሠራሩ ላም እንደማለብ ነው፤ ጣቶቹ ጡቱን ከላይ ጨብጠው ወደ ታች እንደሚስቡት ሁሉ፣ ሮለሮቹ ለስላሳውን ቱቦ ጨፍልቀው ፈሳሹን ፊት ፊታቸው ይገፉታል። ፓምፑ ሲቆም ቢያንስ አንድ ሮለር ቱቦውን ጨፍልቆ ይቀራል። መውጫው ቱቦ ውስጥ ያለውን ፈሳሽ ወደ ጀሪካኑ እንዳይመለስ የሚይዘው ያ ብቻ ነው፤ ሌላ በር የለም።

ቱቦው ሲያረጅ ሮለሩ በጨፈለቀበት ቦታ ሙሉ በሙሉ አይገጥምም። በሚዞርበት ጊዜ ጥቂት ብቻ ያመልጠዋል፤ ሲቆም ግን ፈሳሹ ቀስ እያለ ወደ ታች ይንሸራተታል፣ በጫፉ በኩል አየር ይተካዋል። አሁን ሒሳቡን ይመልከቱ። ውስጡ 4 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቱቦ በሜትር 12.6 ሚሊ ይይዛል። በሁለት ዶዞች መካከል ፈሳሹ 20 ሳንቲ ሜትር ቢመለስ 2.5 ሚሊ ጎድሏል ማለት ነው። የሰዓቱ ዶዝ 2.4 ሚሊ ነው። ፓምፑ ዞሮ ዞሮ የጎደለውን ቱቦ ይሞላል፣ ጫፉ ጋ ሊደርስ ሲል ይቆማል፣ ፈሳሹም ተመልሶ ይወርዳል። ሃያ አራት ሰዓት ሙሉ ሠርቶ አኳሪየሙ የሚያገኘው ባዶ ነው። ይህን በዓይን ለማየት ግልጽ ቱቦ ይጠቀሙ፤ ዶዙ እንዳለቀ ፈሳሹ የቆመበት ላይ ምልክት ያድርጉና ከግማሽ ሰዓት በኋላ ይመለሱ።

መፍትሔው የፓምፑን ራስ ቱቦ መቀየር ነው። ካሊብሬሽን መድገም መፍትሔ አይደለም፤ እንዲያውም ችግሩን ይደብቀዋል። ሳምንት ሁለት ሳምንት ቁጥሩ ልክ ይመስላል፣ ቱቦው ግን መላላቱን ይቀጥላል። አዲስ ቱቦ እስኪደርስ ድረስ በቀን 24 የነበረውን ዶዝ ወደ 6 ዝቅ ቢያደርጉ እያንዳንዱ 9.5 ሚሊ ስለሚሆን የሚጠፋው ድርሻ ያንሳል። ጊዜያዊ ነው፣ ግን ይሠራል።

ራሱን ሲከፍቱ ቱቦው ጠፍጣፋ ቅርጽ ይዞ ከቀረ፣ ከተሰነጠቀ ወይም ወደ አንድ ጎን ተጎትቶ ከገባ ዕድሜው አልቋል። ከሲሊኮን የተሠራው ለስላሳ ነው፣ ቶሎ ግን ይበላል፤ ሳንቶፕሪን ዓይነቱ ረዘም ያለ ጊዜ ያገለግላል። በዓመት አንዴ ሳይበላሽ መቀየር ተገቢ ነው። ሮለሮቹ በጣት ሲነኩ መዞር አለባቸው፤ ከደረቁ ጥቂት የሲሊኮን ግሪስ ይበቃቸዋል። ቫዝሊንና የመኪና ግሪስ ቱቦውን ይጎዱታል።

አየር የሚገባው ከመሳቢያው በኩል ከሆነ ምልክቱ ሌላ ነው፤ ፓምፑ በሚዞርበት ጊዜ በቱቦው ውስጥ አረፋ ይሄዳል። መጋጠሚያዎቹን ያጥብቁ፣ የቱቦውን ጫፍ አንድ ሳንቲ ሜትር ቆርጠው እንደገና ይሰኩት። የጀሪካኑ ክዳን ሙሉ በሙሉ የተዘጋ ከሆነ ደግሞ የወጣውን ፈሳሽ የሚተካ አየር ስለማይገባ ጀሪካኑ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፣ ፓምፑም ይደክማል። ክዳኑ ላይ 2 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ይብሱ። የመሳቢያው ጫፍ ከጀሪካኑ ወለል አንድ ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል፤ ወለሉ ላይ ዝቃጭ አለ።

የሚዘጋው የአልካሊኒቲው ቱቦ ነው

የካልሲየሙ ቱቦ እምብዛም አይዘጋም። የሶዲየም ካርቦኔቱ ጫፍ ውኃ ውስጥ ከገባ ግን የባሕሩ ካልሲየምና ማግኒዚየም ጫፉ ላይ ያገኙታል፤ በጥቂት ቀን ውስጥ ጠንካራ ነጭ ቡሽ ይሠራሉ። ጫፉ ከውኃው ወለል 3 ወይም 4 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ ውኃው በኃይል በሚሄድበት የሰምፑ ክፍል ላይ ይንጠባጠብ። የካልሲየሙ ጫፍ ከእሱ ራቅ ይበል፤ ሰዓታቸውም አንዱ በሙሉ ሰዓት ሌላው በግማሽ ሰዓት ይሁን።

ጫፉን ከውኃ ማውጣት ሌላም ጥቅም አለው። ውኃ ውስጥ ያለ ጫፍና የላላ ቱቦ ሲገናኙ፣ ጀሪካኑ ከሰምፑ ውኃ ከፍ ብሎ ከተቀመጠ ፈሳሹ በራሱ ወደ አኳሪየሙ ይፈሳል፤ ዝቅ ብሎ ከተቀመጠ ደግሞ የባሕሩ ውኃ ወደ ጀሪካኑ ይገባል። ንጹህ የነበረው የካርቦኔት ጀሪካን ድንገት ከደፈረሰ ይህን ይጠርጥሩ። ቱቦዎቹ ተገልብጠው ተሰክተው ከሆነም ያው ውጤት ይመጣል።

ቤቱ ሲቀዘቅዝ የሚመጣ ዓይነትም አለ። ሶዲየም ካርቦኔት በ20 ዲግሪ በ100 ሚሊ ውኃ ከ20 ግራም በላይ ይሟሟል፤ ወደ ዜሮ ሲጠጋ 7 ግራም ብቻ። ከላይ የተሰጠው አሠራር በ100 ሚሊ 10 ግራም ገደማ ስለሆነ በተለመደ የቤት ሙቀት አያስቸግርም። ጀሪካን ትንሽ እንዲሆንልኝ ብሎ እጥፍ አጠንክሮ የሚያዘጋጅ ሰው ግን በሚኒሶታ ክረምት ማሞቂያ በሌለው ምድር ቤት ጠዋት ላይ ክሪስታል የሞላበት ቱቦ ያገኛል።

ክሪስታል ከሆነ ለብ ያለ ውኃ በሲሪንጅ መርጨት ይበቃል። ኖራው ግን በውኃ አይለቅም፣ አቼቶ ይፈልጋል። ቱቦውን ከፓምፑ ነቅለው፣ መጀመሪያ በውኃ አጥበው፣ ከዚያ አቼቶ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ይዘፍዝፉት። ካርቦኔት ያልታጠበበት ቱቦ ላይ አቼቶ ከጨመሩ ጋዝ ስለሚፈጥር ይረጫል። ከመመለስዎ በፊት ደግመው ያጥቡት።

ሞተርና መብራት

ሞተሩ እያጉረመረመ የማይዞር ከሆነ የፓምፑን ራስ አውጥተው ባዶውን ያዙሩት። ከዞረ ችግሩ የፓምፑ ራስ ላይ ነው፤ ጨው ተጋግሮበታል ወይም የሮለሩ ኩሽኔታ ዝጓል። ካልዞረ አዳፕተሩን በሌላ ተመሳሳይ ቮልትና አምፔር ባለው ይሞክሩ። ሞተሩ እየዞረ የፓምፑ ራስ የማይዞር ከሆነ ጥርሱ ተበልቷል፤ ብዙውን ጊዜ መቀየር ይቀላል።

መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ሰዓቱን የማይዝ ፓምፕ መብራት በመጣ ቁጥር ከእኩለ ሌሊት ይጀምራል፤ ዶዝ ይዘላል ወይም ይደግማል። ባትሪ ያለው መሆኑን ሶኬቱን ለአሥር ደቂቃ ነቅሎ ማረጋገጥ ይቻላል። ከአሜሪካ ፓምፕ ይዘው ለሚሄዱ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። በአዳፕተር የሚሠሩት ብዙውን ጊዜ ችግር የለባቸውም። ቀጥታ ሶኬት ላይ የሚሰኩ፣ በሲንክሮነስ ሞተር የሚዞሩ ቀላል ፓምፖች ግን ፍጥነታቸው ከመብራቱ ኸርዝ ጋር የተሳሰረ ነው። የአሜሪካው 60 ኸርዝ ነው፤ የኢትዮጵያ፣ የእስራኤልና የዱባይ 50። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያስተካክላል፣ ኸርዙን ግን አይነካም። ፓምፑ በአምስት ስድስተኛው ፍጥነት ይዞራል፤ 17 በመቶ ያነሰ ይሰጣል ማለት ነው።

በብዛት ሲገባ

ከመጉደል ይልቅ መብዛቱ አደገኛ ነው። መነሻው ብዙ ጊዜ የጽሑፍ ስህተት ነው፤ የቀኑን 57 ሚሊ የአንድ ዶዝ ሳጥን ውስጥ መጻፍ። በቀን 12 ዶዝ ከሆነ 684 ሚሊ ይገባል፤ በእኛ ምሳሌ 12 ዲኬኤች ገደማ ጭማሪ ነው። ሪሌው (ሞተሩን የሚያበራና የሚያጠፋው ማብሪያ) ተጣብቆ የማይቆም ፓምፕም አለ። ስለዚህ 5 ሊትር ጀሪካን ከፓምፑ ጋር ማገናኘት ጥሩ ሐሳብ አይደለም። የሳምንቱን 400 ሚሊ ብቻ በትንሽ ዕቃ ያስቀምጡ፤ ሁሉም በአንድ ሌሊት ቢፈስ 7 ዲኬኤች ይጨምራል። ከባድ ነው፣ ግን 5 ሊትሩ ከሚያመጣው 87 ጋር አይወዳደርም።

ውኃው ወተት ከመሰለ ሁለቱንም ፓምፖች ይንቀሉ። ከ10 እስከ 20 በመቶ ውኃ ይቀይሩ፤ አዲሱ ውኃ በጨውና በሙቀት እኩል፣ በአልካሊኒቲ ዝቅ ያለ ይሁን። አሲድ አይጨምሩ። የፒኤች መዋዠቁ ኮራሉን ከአልካሊኒቲው በላይ ይጎዳዋል። ከዚያ በኋላ ኮራሎቹ ራሳቸው ያወርዱታል፤ በየቀኑ እየለኩ ወደ ዒላማው ሲደርስ ፓምፑን ይመልሱ።

ወርዶ የተገኘ አልካሊኒቲም በአንድ ጊዜ አይመለስም። በቀን ከ1 ዲኬኤች በላይ አይጨምሩ፤ ይህ ከዕለቱ ፍጆታ በተጨማሪ ነው። በምሳሌው 6.9 የደረሰውን ወደ 8.2 ለመመለስ በድምሩ ወደ 75 ሚሊ ያስፈልጋል፤ ጠዋትና ማታ 19 ሚሊ አካባቢ እያደረጉ በሁለት ቀን በእጅ ይስጡት፣ ፓምፑ የዘወትሩን 57 ሚሊ ይቀጥል። አዲስ ቱቦ ከገጠሙ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንሽ ስለሚላላ ከሳምንት በኋላ የ50 ሚሊውን ፈተናና የአሥር ዶዙን ፈተና አንድ ጊዜ ይድገሙ፣ ውጤቱንም ቀኑን ጨምሮ ጀሪካኑ ላይ ይጻፉት።